«በሲቢኤም 95 ዶላር» የሚለው ዋጋ ከየት እስከ የት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር ሁለት ስክሪንሾት ላከችልን። አዳማ ውስጥ ከእህቷ ጋር የውበት ሳሎን ዕቃዎች የሚሸጥ ሱቅ ልትከፍት ነው። እቁቧ ደርሷታል፣ ቻይና ያለው ፋብሪካ የዕቃውን ዋጋ ሰጥቷታል፣ የቀራት ማስጫን ብቻ ነው። ሁለት የካርጎ ሰዎችን በቴሌግራም ጠየቀች። አንደኛው «በሲቢኤም 95 ዶላር» አላት። ሁለተኛው «በሲቢኤም 260 ዶላር» አለ። ከስክሪንሾቶቹ ሥር የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ሁለተኛው ሰውዬ ሊዘርፈኝ ነው አይደል?»

አይደለም። ተቀምጠን ስናሰላው ለእሷ ዕቃ የሚረክሰው 260 ያለው ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚደርሰን ዛሬ ዘርዘር አድርገን እንየው። አንድ ነገር አስቀድመን እንበል፦ እዚህ የምንጠቀምባቸው የዶላር ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ያስተካከልናቸው ምሳሌዎች ናቸው። የዛሬ የገበያ ዋጋ ናቸው ብላችሁ እንዳትይዟቸው። ስሌቱን ግን ያዙት።

መጀመሪያ ዕቃዋን እንወቅ። 40 ካርቶን የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ በእያንዳንዱ ካርቶን 10 ፍሬ፣ በድምሩ 400 ፍሬ። የአንዱ ካርቶን ልክ 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 14 ኪሎ። ሲቢኤም የሚባለው ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ርዝመትን በወርድ በከፍታ በሜትር ማባዛት። 0.6 በ0.5 በ0.4 ሲባዛ 0.12 ይሆናል። ያንን በ40 ካርቶን ስታባዙት 4.8 ሲቢኤም። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል፣ አፕ ማውረድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ 95 ዶላሩ እንመለስ። 4.8 በ95 ሲባዛ 456 ዶላር ነው። ደስ ይላል። ግን 456 ዶላር ዕቃውን ከየት ወስዶ የት ያደርሰዋል?

ስክሪንሾቱን አጉልተን ስናነበው ከሥር በትንሹ «ወደብ ለወደብ» ይላል። ማለትም ቻይና ወደብ ላይ መርከብ ከሚጫንበት ጅቡቲ ወደብ እስከሚደርስበት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለው ወጪ ውስጡ የለም። ከፋብሪካው እስከ ወደቡ የሚወስደው መኪና አለ፣ የቻይና የኤክስፖርት ሰነድ አለ፣ ጅቡቲ ላይ ማራገፊያና የወደብ አገልግሎት አለ፣ የጅቡቲ ሰነድ ክፍያ አለ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ የየብስ ጉዞው አለ። ባሕር የሌለው አገር ነው ያለነው፤ ጅቡቲ ላይ የሚያልቅ ዋጋ ለእኛ መንገድ ላይ የሚያልቅ ዋጋ ነው።

ሰውየውን እነዚህን አንድ በአንድ እንድትጠይቀው ነገርናት። መልሱ ሲመጣ፦ ቻይና ላይ ዕቃውን ማንሳትና ሰነድ 180 ዶላር፣ ጅቡቲ ላይ በሲቢኤም 45 ዶላር፣ የጅቡቲ ሰነድ 120 ዶላር፣ ከጅቡቲ ሞጆ በሲቢኤም 90 ዶላር። ስንደምረው፦ መርከቡ 456፣ የቻይናው 180፣ የጅቡቲው 216፣ ሰነዱ 120፣ የየብሱ 432። ጠቅላላ 1,404 ዶላር።

260 ያለው ሰው ደግሞ ከፋብሪካው በር ተነስቶ ሞጆ ድረስ ነው ያቀረበው። 4.8 በ260 ሲባዛ 1,248 ይመጣል። እሱም ቢሆን ከሥር የጻፋት ነገር አለች፦ «ዝቅተኛው 5 ሲቢኤም»። ስለዚህ የሚያስከፍላት በ4.8 ሳይሆን በ5 ነው፤ 1,300 ዶላር። ያም ሆኖ በ104 ዶላር ይረክሳል። በፍሬ ብናካፍለው የመጀመሪያው 3 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። እሷ የምትሸጠው በፍሬ ነውና ማወዳደርም ያለባት በፍሬ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ «ሁሉን ያካተተ» ዋጋ ይሻላል ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያውን ዋጋ እንደገና እዩት። በሲቢኤም የሚከፈሉት ሲደመሩ 95፣ 45 እና 90፣ ማለትም 230 ዶላር ናቸው። ከዚያ መጠኑ ቢያንስም ቢበዛም የማይቀየር 300 ዶላር አለ፤ 180ውና 120ው። ዕቃው ትንሽ ሲሆን ያ 300 ዶላር ይከብዳል። ዕቃው ሲበዛ ይቀላል። 10 ሲቢኤም ላይ ሁለቱም ሰዎች እኩል 2,600 ዶላር ይሆናሉ። 12 ሲቢኤም ብታመጣ ግን 95 ያላት ሰው 3,060፣ 260 ያላት ሰው 3,120። አሸናፊው ተቀየረ። ስለዚህ ጓደኛችሁ «እኔ በእገሌ በኩል ነው የማመጣው፣ ርካሽ ነው» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ዕቃ መጠን።

ኤፍኦቢ፣ ሲአይኤፍ፣ ዲዲፒ፦ ሦስት ፊደል፣ ብዙ ብር

ከፋብሪካው ጋር ስትጻጻፉ ከዋጋው አጠገብ እነዚህ አጫጭር ቃላት ይመጣሉ። ኢንኮተርምስ ይባላሉ። ያወጣቸው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ1936 የወጡ ሲሆን አሁን የሚሠራባቸው የ2020 እትም 11 ናቸው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ሥራቸው አንድ ነው፤ ሻጩ የት ድረስ ይከፍላል፣ ዕቃው ቢበላሽ ኃላፊነቱ ከየት ጀምሮ የእናንተ ይሆናል የሚለውን መቁረጥ።

ኢኤክስደብልዩ ማለት ዕቃው ፋብሪካው በር ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። ኤፍኦቢ ማለት ሻጩ በቻይና ወደብ መርከብ ላይ ጭኖ ያስረክባል፤ የቻይናው የውስጥ ወጪ በእሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን መሰላችሁ? ፋብሪካው በኤፍኦቢ ዋጋ ሰጥቶት እያለ ለካርጎውም ከፋብሪካ በር ጀምሮ ይከፍላል። ለአንድ መንገድ ሁለቴ መክፈል ነው። ተከታታያችንም የፋብሪካዋን ኢንቮይስ ስናይ ኢኤክስደብልዩ ስለሚል ተርፋለች እንጂ፣ ኤፍኦቢ ቢሆን ኖሮ ያ የቻይና 180 ዶላር ከስሌቱ ይወጣ ነበር።

ሲአይኤፍ ጅቡቲ ሲባል ሻጩ የመርከቡንም የመድኑንም ይከፍላል። ምቹ ይመስላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሻጩ እስከ ጅቡቲ ቢከፍልም ኃላፊነቱ ወደ እናንተ የሚዞረው ቻይና ላይ ዕቃው መርከብ ላይ ሲወጣ ነው፤ ባሕር ላይ የደረሰ ጉዳት የእናንተ ጣጣ ነው። ሁለተኛ፣ የማጓጓዣ ድርጅቱን የመረጠው ሻጩ ነው። ሻጩ የሚፈልገው ለራሱ የሚረክሰውን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ከሻጩ ያላገኘውን ትርፍ ዕቃው ሲደርስ ከተቀባዩ ሊፈልገው ይችላል፣ ያኔ ደግሞ «አልስማማም» ብሎ መመለስ የለም። ዕቃው በእጃቸው ነው።

መድንን በተመለከተ አንድ ቃል ጨምረን እንለፍ። በሲአይኤፍ ሻጩ የሚገዛው መድን ዝቅተኛውን ሽፋን ነው። እዚህ አገር ብዙ አስመጪ መድኑን ከአገር ውስጥ ኩባንያ ስለሚገዛ ሲኤፍአር የሚለውን፣ ማለትም መጓጓዣ ያለው መድን የሌለውን ያያል። የትኛውም ይሁን፣ ዋጋ ስታወዳድሩ አንዱ መድን ኖሮት ሌላው ከሌለው ሁለቱ አንድ ዋጋ አይደሉም።

ካርቶኑን ራሳችሁ አስለኩ

ይኼ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው ግን እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካው 60 በ50 በ40 ብሎ የላከው ልክ ቢሳሳትስ? በሁሉም ጎን ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር፣ 62 በ52 በ42 ይሆናል። በዓይን አይታወቅም። ስታባዙት ግን 40ው ካርቶን ከ4.8 ተነስቶ 5.42 ሲቢኤም ገባ። ወደ 13 በመቶ ጭማሪ ነው። 260 ያለው ሰው 1,300 መሆኑ ቀርቶ 1,409 ዶላር ይጠይቃል፣ ሐሰትም አልተናገረም። 95 ያለው ደግሞ ወደ 1,547 ይወጣል። ፓሌት ላይ ከተደረገ ፓሌቱም ይለካል።

ስለዚህ ለፋብሪካው እንዲህ በሉት፦ ካርቶኑ ታሽጎ ካለቀ በኋላ በሦስቱም ጎን ሜትር ተደርጎበት፣ ሚዛን ላይም ተቀምጦ ፎቶ ላክልኝ። የምርቱን ልክ ሳይሆን የካርቶኑን ልክ። ጨዋ ፋብሪካ ይሄን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

በባሕር ሲሆን ስሌቱ ከክብደትና ከመጠን የበለጠው ነው፤ 1 ቶን እንደ 1 ሲቢኤም ይቆጠራል። የፀጉር ማድረቂያዋ 560 ኪሎ ብቻ ስለሆነ በመጠን ተከፈለባት። ሴራሚክ ወይም ብሎን የሚያመጣ ሰው በቶን ይከፍላል።

በአየር ግን ሌላ ሒሳብ አለ። አውሮፕላን ቦታው ውድ ስለሆነ ቀላልና ትልቅ ዕቃን በ«መጠን ክብደት» ያስከፍላል። ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል። በፈጣን መልእክት የሚልኩት ኩሪየሮች ብዙ ጊዜ ለ5,000 ያካፍላሉ። ከዚያ ከትክክለኛው ክብደትና ከዚህ የበለጠው ይወሰዳል።

እኛም በዚህ ተሸውደናል። ለገጻችን ቀረጻ የካሜራ ማቆሚያና የመብራት ስታንድ ስናዝዝ ካርቶኑ 17 ኪሎ ነው ተባልን፤ በ17 ኪሎ አስበን ብር ይዘን ሄድን። «30 ኪሎ ነው» አሉን። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለን ተከራከርን፣ ድምፃችንንም ትንሽ ከፍ አደረግን። ካርቶኑ 90 በ50 በ40 ነበር፤ ለ6,000 ሲካፈል በትክክል 30። ሚዛኑ ምንም አልሆነም፣ እኛ ነን ያልጠየቅነው። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠይቀን ወጣን።

ወደ ፀጉር ማድረቂያው እንመለስና፣ አንዱ ወኪል በኪሎ 6 ዶላር፣ ሌላው በኪሎ 6 ዶላር ከ80 ሳንቲም ቢሏትስ? የመጀመሪያው ለ5,000 የሚያካፍል ከሆነ አንዱ ካርቶን 24 ኪሎ፣ 40ው 960 ኪሎ ይሆናል፤ 5,760 ዶላር። ሁለተኛው ለ6,000 ቢያካፍል አንዱ ካርቶን 20፣ 40ው 800 ኪሎ፤ 5,440 ዶላር። በኪሎ የረከሰው በጠቅላላ ተወደደ። ስለዚህ የአየር ዋጋ ስትጠይቁ «በኪሎ ስንት ነው?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ለስንት ነው የምታካፍሉት?» በሉ። ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሰውየው አነጋገር ራሱ ሲቀየር ታያላችሁ።

ዕቃዋ ባትሪ የለውም እንጂ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ቻርጅ የሚደረግ የፀጉር መቁረጫ ቢሆን፣ ሌላ ዋጋና ሌላ ሰነድ ያስፈልገዋል። የሊቲየም ባትሪ ያለው ዕቃ እንደ አደገኛ ጭነት ደንብ አለው። ሳይነገር ተጭኖ ቢገኝ ዕቃው መሀል ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው መልእክታችሁ ላይ ጻፉት።

ሙሉ ኮንቴይነር ያሰባችሁ ካላችሁ

ከላይ ያየነው ኤልሲኤል የሚባለው፣ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር የሚመጣው ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 33 ሲቢኤም ያህል ነው፤ ካርቶን ሲደረደር ክፍተት ስለሚኖር በተግባር ከ25 እስከ 28 ብትሉት ይሻላል። ኮንቴይነሩ ግማሽ ብቻ ሞልቶ እንኳ ሙሉውን መከራየት ከጋራው የሚረክስበት ጊዜ አለ። በግምት 13 እና 15 ሲቢኤም አካባቢ ስትደርሱ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ።

ኮንቴይነር ግን መመለስ ያለበት የሰው ንብረት ነው። የመርከብ ድርጅቱ የተወሰኑ ነፃ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ ካለፈ በየቀኑ ይቆጥራል። ዕቃው ወደብ ላይ ሲቆይ የሚቆጠረው ዲመሬጅ ነው፤ ኮንቴይነሩን አውጥታችሁ ሳትመልሱ ስትቆዩ የሚቆጠረው ሌላ ስም አለው፣ የመጋዘን ኪራይም ለብቻው ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሊቆጥሩ ይችላሉ። ባዶው ኮንቴይነር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ጅቡቲ መውረድ አለበት። ስለዚህ አንዱ በ100 ዶላር ርካሽ ሆኖ 7 ነፃ ቀን ቢሰጥ፣ ሌላው ውድ ሆኖ 21 ቀን ቢሰጥ፣ ሰነድ ለማጣራት ስንት ቀን ይፈጅብኛል ብላችሁ አስቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስመጣ ሰው በ7 ቀን ይጨርሳል ብለን አንገምትም፤ የሚጎድል ወረቀት አይጠፋም።

መልቲሞዳልና ዩኒሞዳል የሚሉትንም ትሰማላችሁ። በመልቲሞዳል ባሕሩም የብሱም በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ይሸፈንና ዕቃው በአንድ ኃላፊ እጅ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። በዩኒሞዳል ጅቡቲ ላይ እናንተ ወይም ትራንዚተራችሁ ትረከባላችሁ፣ መኪናውንም እናንተ ታመጣላችሁ። ሁለት ዋጋ ፊታችሁ ሲቀመጥ አንዱ የዚህ ሌላው የዚያ እንዳይሆን።

ዛሬ የተሰጠ ዋጋ እስከ መቼ ነው?

ስክሪንሾቱ ላይ ቀን ፈልጉ። «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚል ከሌለ ዋጋ አልተሰጣችሁም፣ ወሬ ነው የተነገራችሁ። ቻይና ከአዲስ ዓመታቸው በፊትና መስከረም መጨረሻ አካባቢ ካለው ረጅም በዓላቸው በፊት ሁሉም ለመጫን ስለሚሻማ ዋጋ ይጨምራል።

ከዚያ ደግሞ ጭማሪዎች አሉ፤ የነዳጅ፣ የወቅት፣ የጦርነት ስጋት። የመጨረሻው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች መንገዳቸውን ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ዞረዋል፤ የመድንና የስጋት ክፍያም ጨምሯል። ጅቡቲ ደግሞ ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው ያለችው። «ተጨማሪ ክፍያዎች በሚጫንበት ቀን ባለው ተመን» የሚል መስመር ካያችሁ የቁጥሩ ጣሪያ ክፍት ነው ማለት ነው። «ዛሬ ቢጫን ስንት ነው? በቁጥር ጻፉልኝ» በሏቸው።

የምንዛሬውም ነገር አለ። ዋጋው በዶላር ተጽፎ በብር የሚከፈል ከሆነ በየትኛው ቀን፣ በማን ምንዛሬ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን ዕቃው ባሕር ላይ የነበረ ሰው ዋጋውን ሲዋዋል ስለ ምንዛሬ ያልጻፈ ከሆነ ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም።

ጉምሩኩስ?

ይህን ሰፋ አድርገን ሌላ ቀን እንጽፋለን፤ ለዛሬ ከማጓጓዣ ዋጋ ጋር የሚያያዘውን ብቻ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በፋብሪካው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ እስከ ኢትዮጵያ መግቢያ ያለው የማጓጓዣና የመድን ወጪ ተደምሮበት ነው። የፀጉር ማድረቂያው ዋጋ 4,000 ዶላር ነው እንበል፣ መድኑን ለጊዜው እንተወው። በባሕር ከመጣ ቀረጥ የሚሰላበት ዋጋ ከ5,300 ዶላር አይበልጥም። በአየር ከመጣ 9,440። ልዩነቱ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻውን ቢያንስ 621 ዶላር ነው፤ ሌሎቹ ቀረጦች ቀድመው ስለሚደመሩ እንዲያውም ከዚያ ይበልጣል። «አየር ውድ ነው ግን ቶሎ ይደርሳል» የሚለው ስሌት ይህንን አይቆጥረውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓይነት ዋጋ፤ «ቀረጥን ጨምሮ፣ በርሽ ድረስ፣ ምንም ጣጣ የለም» ወደሚለው። ዲዲፒ ይሉታል። ሁሉም እንዲህ የሚሉት አጭበርባሪ ናቸው አንልም። ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ዲክላራሲዮኑ የሚወጣው በማን ስም ነው? በእናንተ ስምና በግብር መለያ ቁጥራችሁ ካልሆነ ዕቃው በሕግ ፊት የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የላችሁም። ቢያዝ «የእኔ ነው» ብላችሁ የምትቀርቡበት ነገር የለም። ተሽጦም የገቢ ግብር ሲመጣ ይህን ያህል ወጪ አውጥቻለሁ የምትሉበት ደረሰኝ የለም፣ የከፈላችሁትን ቫት ማወራረድም የለም። ርካሽ የሆነው ምናልባት ያ ቀረጥ ስላልተከፈለ ነው። የእቁብ ብር ለዚህ ባይሄድ ይመረጣል።

ከጉምሩክ በኋላ ትራንዚተሩ አለ፣ ከሞጆ የሚያመጣው መኪና አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ። የጫኝና አውራጅን በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ያየነው አንድም ጊዜ የለም፤ ሱቃችሁ በር ላይ ግን ሁልጊዜ ይመጣል። አዳማ ላለች ሰው ደግሞ ሞጆ ቅርብ ናት። «አዲስ አበባ መጋዘናችን ድረስ» የሚል ዋጋ ለእሷ ዕቃውን በደጇ አሳልፎ መልሶ ማምጣት ነው።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ

ዋጋ የሚወዳደረው ጥያቄው አንድ ሲሆን ነው። ለአንዱ በድምፅ፣ ለሌላው በጽሑፍ፣ ለአንዱ «ወደ 5 ሲቢኤም»፣ ለሌላው «40 ካርቶን» ካላችሁ መልሱ አይገናኝም። ለተከታታያችን ያዘጋጀንላት ይኼ ነው፤ ቁጥሩን ቀይራችሁ ኮፒ አድርጉት፦

«ጤና ይስጥልኝ። 40 ካርቶን የፀጉር ማድረቂያ አለኝ፣ ባትሪ የለውም። የአንዱ ካርቶን ልክ 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 14 ኪሎ፣ ድምሩ 4.8 ሲቢኤምና 560 ኪሎ። ከፋብሪካው በር እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በባሕር ስንት ነው? እባክዎ የቻይናውን፣ የመርከቡን፣ የጅቡቲውን፣ የየብሱን ለየብቻ ይጻፉልኝ። ዝቅተኛ ክፍያ አለው? መድን አለው? ዋጋው እስከ ስንት ቀን ይሠራል? በብር ስከፍል ምንዛሬው የየትኛው ቀን ነው? ከመጫን እስከ ሞጆ ስንት ቀን ይፈጃል? ስንት ነፃ ቀን አለኝ? የማጓጓዣ ሰነዱ ላይ ተቀባይ ሆኖ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው? ያልተካተተ ክፍያ ካለ ይጻፉልኝ።»

ረጅም ነው፣ እናውቃለን። ስለ ቀኑ የጠየቅነው «25 ቀን» ሲሉ ብዙ ጊዜ ከወደብ እስከ ወደብ ብቻ ስለሆነ ነው፤ መርከቡ እስኪሞላ የሚጠበቀው፣ ጅቡቲ ላይ የሚቆየው አይቆጠርም። የመጨረሻዋ ጥያቄ ደግሞ በጣም ታስፈልጋለች። በኋላ ሌላ ክፍያ ይዞ የሚመጣን ሰው «ያልተካተተ የለም ብለኸኝ ነበር» ብላችሁ የምታሳዩት ጽሑፍ ይሆናችኋል። በድምፅ መልእክት የተነገረን በጽሑፍ አስጽፉ። ቅድሚያ ክፍያ ከተጠየቃችሁም የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ እዩ፤ ሒሳቡም በድርጅቱ ስም እንጂ በሠራተኛ ስም አይሁን።

ተከታታያችን መልእክቱን ሰኞ ማታ ለሁለቱም ላከች። 260 ያለው ሰው ማክሰኞ ጠዋት በሰባት መስመር ከፋፍሎ መለሰላት፤ ካርቶኑ በትክክል ከተለካ 1,300፣ ዋጋው ለ14 ቀን፣ መድን የለውም፣ ስሙ የእሷ ይሆናል። መድኑን ለብቻ ልትጠይቅ ነው። 95 ያለው ሰው ደግሞ የ40 ሰከንድ ድምፅ ላከላት። ከፍተን ሰማነው። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርግልሻል፣ እኛ እንተማመናለን» ይላል። ስሙ ሰነዱ ላይ የማን እንደሚሆን እስከ ትናንት ማታ አልጻፈላትም።